የሌሊቱን የእንስሳት ሆስፒታል ማን ይቆጣጠረዋል?

በአሜሪካ አንድ ውሻ ወይም ድመት በሌሊት የድንገተኛ ሕክምና ላይ ሳለ ሲሞትና ባለቤቱ ጉዳዩን በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያወጣው፣ ከሥሩ የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ «ጤና ቢሮ ይዝጋቸው» ይላል። ሌላው «ከሳችሁ ካሳ ተቀበሉ» ብሎ ይመክራል። ሦስተኛው ደግሞ ሆስፒታሉ ፈቃድና እውቅና ያለው በመሆኑ ጥፋት ሊኖር አይችልም ይላል። ሦስቱም አስተያየቶች የሰው ሆስፒታል የሚተዳደርበትን ሥርዓት ለእንስሳቱ ሆስፒታል አውሰው የሚናገሩ ናቸው። እዚያ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው።

ቁጥጥር ጨርሶ የለም ማለትም ልክ አይደለም። ለሐኪሙ ፈቃድ የሚሰጥ ቦርድ አለ፣ የመድኃኒት ካዝናውን የሚፈትሽ አለ፣ የራጅ ማሽኑን የሚያይ አለ፣ በብዙ ቦታ ሕንፃውንም የሚመዘግብ አለ። የጎደለው አንድ ትልቅ ነገር ነው፦ በሕክምናው ሂደት ስንት ታካሚ እንደተጎዳና ለምን እንደተጎዳ የመሰብሰብ ግዴታ ያለበት አካል። (በዚህ ጽሑፍ «ታካሚ» የምንለው እንስሳውን ነው፤ ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ቦርድ በግማሽ ሰዓት መንገድ

የእንስሳት ሕክምና ፈቃድ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ቦርድ አለው፤ ቦርዱ የሚቀመጥበት መሥሪያ ቤትም ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የእንስሳት ሆስፒታል የሚጠየቀው በሜሪላንድ የግብርና መምሪያ ሥር ባለው ቦርድ ነው። ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ያለው ደግሞ በቨርጂኒያ የጤና ሙያዎች መምሪያ ሥር ነው። ከተማው ውስጥ ያሉት ሐኪሞች ጉዳያቸው የሚታየው ዲሲ ሄልዝ በተባለው የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ሥር ባለ ሌላ ቦርድ ነው። ቀን በአንዱ ስቴት የታየ ድመት ማታ በሪፈር ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ቅሬታ ቢነሳ ፋይሉ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቦርድም የሚመለከተው በራሱ ድንበር ውስጥ የተደረገውን ብቻ ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከሐኪሙ ፈቃድ ሌላ ሆስፒታሉንም ለብቻው ይመዘግባሉ፤ ተቆጣጣሪም ይልካሉ። በቨርጂኒያ እያንዳንዱ ተቋም በስሙ ተጠያቂ የሆነ ኃላፊ ሐኪም ማስመዝገብ አለበት። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ አሠራር አላት። የዚያ ስቴት ሕግ ቦርዱ በየዓመቱ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሆኑትን ተቋማት ለመፈተሽ የተቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዝዛል። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ እንኳ አንድ ሆስፒታል ተቆጣጣሪ የሚያየው በአምስት ዓመት አንዴ ነው ማለት ነው። ሕንፃውን ጨርሶ የማይመዘግቡ ስቴቶችም አሉ፤ እነርሱ ዘንድ ቁጥጥሩ በሐኪሙ ፈቃድ ላይ ያልቃል።

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ድርሻ የተበጣጠሰ ነው። የመድኃኒት ቁጥጥር አስተዳደሩ (ዲኢኤ) ኬታሚንና ፌንታኒልን የመሳሰሉ የማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶችን ይከታተላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) መድኃኒት ያስከተለውን ያልተጠበቀ ጉዳት ይመዘግባል፤ ይሁንና አምራቹ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ሲኖርበት ሐኪሙ ግን የሚያሳውቀው በፈቃዱ ነው። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀው ሠራተኛውን ነው። ውጤቱ ትንሽ የሚገርም ነው፦ በአንድ የሌሊት ሆስፒታል ውስጥ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ኬታሚን የት እንደገባ በመዝገብ ይታወቃል፤ ያ ኬታሚን የተሰጠው ታካሚ ምን እንደደረሰበት ግን ለማንም የማሳወቅ ግዴታ የለም።

ተቆጣጣሪው ምን ያያል?

ቁጥጥሩ ሲደረግ የሚታዩት ነገሮች ተጨባጭ ናቸው። የፍሪጁ ሙቀት፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የተቆለፈ ካዝና፣ የአደንዛዥ መድኃኒቶች መዝገብ ከቀሪው ጋር መግጠሙ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ለብቻው መሆኑ፣ የመሣሪያ ማምከኛው በትክክል መሥራቱ፣ የሕክምና ካርዱ በአግባቡ መሞላቱ፣ የሠራተኞቹ ፈቃድ አለመቃጠሉ። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ሆኖም ተቆጣጣሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቴክኒሺያን (የእንስሳት ነርስ እንደ ማለት ነው) ስንት ታካሚ እንደያዘ፣ የሚንጠለጠለው የግሉኮስ ከረጢት ላይ ምን እንደተጻፈ፣ የፈረቃ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን በቃል አያይም።

የሠራተኛ ቁጥር ነገር ራሱን የቻለ ክፍተት ነው። ካሊፎርኒያ በሰው ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አንድ ነርስ ከሁለት ታካሚ በላይ እንዳትይዝ በሕግ ደንግጋለች፤ ለእንስሳት ሆስፒታል ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የላትም። ሕጉ የሚያስገድደው ማስታወቅን ብቻ ነው፦ ታካሚው ባደረበት ሰዓት በግቢው ውስጥ ሰው የማይኖር ከሆነ ለባለቤቱ አስቀድሞ መነገር አለበት። ቨርጂኒያም በጽሑፍ እንዲገለጽና ባለቤቱ እንዲፈርም ትጠይቃለች። «ሆስፒታል» የሚል ታፔላ ያለበት ቤት ሌሊት ባዶውን ሊያድር እንደሚችል ብዙ ሰው የሚያውቀው ያን ወረቀት ሲፈርም ነው፤ አንብቦ ከፈረመ ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው የት ላይ ነው?

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት በሦስት የእንስሳት ሆስፒታሎች ሠራተኞች በፈቃዳቸው የጻፏቸውን 560 የስህተት ሪፖርቶች መርምረዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመድኃኒት ስህተት ነበር፤ የመግባባት ጉድለት ተከትሎ ይመጣል። ከሪፖርቶቹ 15 በመቶ ያህሉ በታካሚው ላይ ጉዳት ያደረሱ ናቸው። ሰው ሲያወራ የሚነሳው የተሳሳተ ምርመራ ወይም «ሐኪሙ አልቻለበትም» የሚለው ነው፤ በሥራው ላይ ያለ ሰው የሚፈራው ግን ከዚህ ይልቅ ቀላል የሚመስሉትን ነገሮች ነው። አራቱን ጠጋ ብለን እንያቸው።

የመጀመሪያው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ለቀናት ምግብ ያልበላ ውሻ ፖታሲየሙ ስለሚወርድ፣ በቀስታ በሚንጠባጠበው አንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 40 ሚሊኢኩቫለንት (የፖታሲየም መጠን መለኪያ ነው) ይጨመርለታል። ይህ የተለመደ ሕክምና ነው። የማይታለፈው ፍጥነት በኪሎ በሰዓት 0.5 ሚሊኢኩቫለንት ነው፤ ከዚያ ካለፈ የልብን ምት ያዛባል፣ ሊያቆመውም ይችላል። አሁን ሌሊት ላይ የዚህ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የደም ግፊት በድንገት ወረደ እንበል። ተረኛው ሐኪም «በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ቶሎ ስጡት» ይላል፤ 400 ሚሊ ሊትር በ15 ደቂቃ መሆኑ ነው። ቴክኒሺያኑ አዲስ ከረጢት ከመስቀል ይልቅ ተንጠልጥሎ ያለውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ቢከፍተው፣ በ15 ደቂቃ 16 ሚሊኢኩቫለንት ይገባል። ለኪሎ ሲካፈልና በሰዓት ሲሰላ 3.2 ነው፤ ከጣሪያው ስድስት እጥፍ በላይ። ሐኪሙ ያዘዘው ትክክል ነበር፣ ቴክኒሺያኑም ትእዛዙን ፈጽሟል።

መከላከያው ርካሽ ነው። መድኃኒት የተጨመረበት ከረጢት ሁሉ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ ሰዓትና የጨመረው ሰው ፊርማ ያለበት ደማቅ ቀለም ያለው ወረቀት ይለጠፍበታል። በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ ምንጊዜም ምንም ካልተጨመረበት ከረጢት ብቻ ይቀዳል። ፖታሲየሙ ሲጨመርም ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ይገለባበጣል፤ ካልሆነ ከባዱ ፈሳሽ ከታች ይዘቅጥና የመጀመሪያው ጥቂት ሚሊ ሊትር ከታሰበው በብዙ እጥፍ የጠነከረ ይሆናል። ያልተበረዘው የፖታሲየም ብልቃጥ ደግሞ ከሌሎች መድኃኒቶች ተለይቶ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ኢንሱሊን ነው። ለእንስሳት ተብለው የሚሠሩት አንዳንድ ኢንሱሊኖች በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት አላቸው፤ ለሰው የሚሠሩት በአብዛኛው 100 ዩኒት። ሲሪንጆቹም ለየብቻ ናቸው፤ የባለ 40ው ክዳን ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ የባለ 100ው ብርቱካናማ ነው። ለአንድ ድመት 2 ዩኒት ከባለ 100ው ኢንሱሊን ታዞ በቀይ ክዳኑ ሲሪንጅ ከተቀዳ፣ መስመሩ 2 ላይ ቢያርፍም ድመቷ የምታገኘው 5 ዩኒት ነው። የደም ስኳሯ ሌሊቱን ይወርዳል፤ ጎኗ የሚቀመጥ ሰው ከሌለ መንቀጥቀጥ ስትጀምር እንኳ ላይታይ ይችላል። ኪሎና ፓውንድ መደባለቅም ከዚሁ ጎራ ነው። በፓውንድ ተመዝኖ እንደ ኪሎ የተጻፈ ታካሚ መድኃኒቱን ሁሉ 2.2 እጥፍ አድርጎ ይወስዳል። የሰው ሆስፒታል አዋቂ ታካሚዎች ክብደታቸው ብዙ ስለማይራራቅ አሥር እጥፍ የሆነ መጠን ሲታዘዝ ዓይን ይገባል። በአንድ ክፍል ውስጥ 2 ኪሎ ቺዋዋና 70 ኪሎ ማስቲፍ ጎን ለጎን በሚተኙበት ቦታ ግን ምንም ዓይነት ቁጥር እንግዳ አይመስልም።

ሦስተኛው የማደንዘዣ ማሽኑ ትርፍ ጋዝ ማስወጫ ቫልቭ ነው። ታካሚው ከመግባቱ በፊት ማሽኑ እንዳያፈስ ሲፈተሽ ቫልቩ ይዘጋና ግፊቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ (የግፊት መለኪያ ነው) ከፍ ይደረጋል። ከፍተሻው በኋላ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ኦክስጅኑ መውጫ ያጣል፤ የማሽኑ የመተንፈሻ ከረጢት ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ግፊቱ በፍጥነት ወደ ሳንባው ይሄዳል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በአንድ ትንፋሽ የምታስገባው አየር 40 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በደቂቃ አንድ ሊትር የሚለቅ ማሽን ይህን ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል። ሳንባ ይቀደዳል ወይም ደም ወደ ልብ መመለስ ያቅተዋል። ተጭኖ ሲለቀቅ በራሱ የሚከፈት የቫልቭ አዝራርና ግፊት ሲያልፍ የሚጮኽ መሣሪያ በገበያ ላይ አሉ፤ ዋጋቸውም ከአንድ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እንዲገጠሙ በአጠቃላይ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ደንብ ግን የለም።

አራተኛው ደም መስጠት ነው። ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ሲሰጠው አለመጣጣሙ ወዲያው የሚገድል አይሆንም ብሎ መገመት ይቻላል። ድመት ላይ ግን ይህ ግምት አይሠራም። ቢ የደም ዓይነት ያላት ድመት የኤ ዓይነት ደምን የሚያጠቃ ኃይለኛ ፀረ አካል ይዛ ነው የምትወለደው ማለት ይቻላል፤ ገና በሕፃንነቷ ይዳብራል። ጥቂት ሚሊ ሊትር የኤ ደም ሊገድላት ይችላል። የደም ዓይነት መለያው ካርድ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን ካርዱ ማለቁ የሚታወቀው ሌሊት ሲፈለግ ከሆነ «አብዛኞቹ ድመቶች ኤ ናቸው» የሚለው ስሌት ውሳኔ ይሆናል።

እነዚህ አራቱ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። አንዳቸውም በአምስት ዓመት አንዴ በሚደረግ ጉብኝት አይያዙም፤ በሌላ በኩል ሁሉም አንድ ጊዜ ከተመዘገቡ ለሌላው ሆስፒታል ትምህርት ይሆናሉ። በብሪታንያ በ2008 የወጣው ትልቁ የማደንዘዣ ጥናት ጥቅሙ ይኸው ነበር። ውሾች በማደንዘዣ ምክንያት የመሞት ዕድላቸው 0.17 በመቶ፣ ድመቶች 0.24 በመቶ መሆኑን አሳየ፤ በጠና የታመሙት ላይ ግን በውሾች 1.33፣ በድመቶች 1.40 በመቶ ነበር። ይበልጥ የሚጠቅመው ግኝት ግን ሌላ ነው፦ ከሞቱት ድመቶች 61 በመቶ፣ ከውሾቹ 47 በመቶ የሞቱት ሕክምናው አልቆ በማገገም ላይ ሳሉ ነው፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ። ይህ ከታወቀ በኋላ «ነቅቷል፣ ወደ ማረፊያው መልሱት» የሚለው አሠራር አደገኛ መሆኑን ለመከራከር ማስረጃ ተገኘ። መቁጠር ባይኖር ኖሮ ሁሉም ሰው ዓይኑን ቀዶ ሕክምናው ላይ ብቻ ተክሎ ይቀር ነበር።

የሰው ሆስፒታል ለምን ይታዘዛል?

አሜሪካ ውስጥ የሰው ሆስፒታል የደኅንነት ደንቦችን የሚያከብረው በዋናነት ገንዘብ ስለሚቋረጥበት ነው። ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍለው የተወሰኑ ግዴታዎችን ለሚያሟላ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ጆይንት ኮሚሽን የተባለው የእውቅና ድርጅት ጉልበቱን ያገኘው ከዚሁ ነው። የእንስሳት ሕክምና መንግሥት የሚከፍለው የለም። አብዛኛው ክፍያ በባለቤቱ ካርድ፣ በቦታው የሚፈጸም ነው። ስለዚህ «ካላሟላህ አልከፍልህም» የሚል ትልቅ ከፋይ የለም።

ሁለተኛው ልዩነት ሪፖርት የሚያደርግን ሰው የሚጠብቅ ሕግ ነው። በ2005 የወጣው የፌዴራል የታካሚ ደኅንነት ሕግ የሰው ሆስፒታሎች ስህተታቸውን ለተመዘገቡ የደኅንነት ድርጅቶች ሲያሳውቁ ሰነዱ በፍርድ ቤት መክሰሻ እንዳይሆን ከለላ ይሰጣል። የእንስሳት ሐኪሙ ይህ ከለላ የለውም። ያጋጠመውን በግልጽ የጻፈ ሆስፒታል የጻፈው ወረቀት ተመልሶ ሊከሰስበት ይችላል፤ ዝም ያለው ደግሞ የሚደርስበት የለም።

ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው። በሕግ ፊት ውሻ ንብረት ነው። በ2013 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የውሻ ባለቤት ለስሜታዊ ጉዳቱ ካሳ ሊጠይቅ አይችልም ብሎ ወስኗል። ቴነሲ በ2000 ለተገደለ የቤት እንስሳ የተወሰነ የስሜት ካሳ የሚፈቅድ ሕግ ስታወጣ ፈቃድ ያላቸውን የእንስሳት ሐኪሞች ከሕጉ አውጥታለች። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ ከጠበቃው ክፍያ ያንሳል፤ ጠበቃም ጉዳዩን አይይዝም። የካሳው ማነስ ለሆስፒታሎቹ የመድን ዋጋን ዝቅ አድርጎ አገልግሎቱን ርካሽ ያደርጋል የሚለው የሙያ ማኅበራት ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን የሰው ሐኪሞችን ወደ ጥንቃቄ የሚገፋው የመድን ድርጅት ግፊትም አብሮ ይጠፋል።

ባለቤቱ ሲለወጥ

ቦርዶቹ የተፈጠሩት ክሊኒኩ የሐኪሙ በነበረበት ዘመን ነው። ሐኪሙን መቅጣት ክሊኒኩን መቅጣት ነበር። ዛሬ የሌሊትና የስፔሻሊስት ሆስፒታሎች ብዙዎቹ የትልልቅ ኩባንያዎችና የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ናቸው። ማርስ የተባለው ኩባንያ ቪሲኤ እና ብሉፐርል የተባሉትን የእንስሳት ሆስፒታል ሰንሰለቶች ይዟል። ጄኤቢ የተባለው የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ድርጅት በሥሩ ባለው ኤንቪኤ በኩል ሌሎች የሆስፒታል ሰንሰለቶችን ሲገዛ፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 አንዳንድ ክሊኒኮችን እንዲሸጥ አዟል፤ ከተጠቀሱት ገበያዎች አንዱ የዲሲ አካባቢ ነበር። ኮሚሽኑ የመረመረው ግን ውድድርን ነው።

በሌሊት ፈረቃ ስንት ሐኪም እንደሚመደብ፣ የትኛው ማሽን እንደሚገዛ፣ ሐኪሙ ከሚያስገባው ገቢ በመቶኛ ይከፈለው ወይስ በደመወዝ የሚወስነው ኩባንያው ነው። ችግር ሲመጣ ቦርድ ፊት የሚቀርበው ግን ፈቃድ ያለው ግለሰብ ነው። ሁለት ሐኪም ሊሠራው የሚገባውን ብቻዋን ስትሠራ ያደረች ተረኛ ሐኪም ትቀጣለች፤ መርሐ ግብሩን ያወጣው ሥራ አስኪያጅ ፈቃድ ስለሌለው የሚነጠቅ ነገር የለውም። ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ክፍተት ይህ ነው።

ብሪታንያም እዚሁ ላይ ደርሳለች። ሕጓ የ1966 ሲሆን የሚቆጣጠረው ግለሰብ ሐኪሞችን እንጂ ድርጅቶችን አይደለም። የሙያው ተቆጣጣሪ የሆነው የንጉሣዊው የእንስሳት ሐኪሞች ኮሌጅ የክሊኒክ ደረጃ መመዘኛ ቢኖረውም መግባቱ በፈቃደኝነት ነው። በ2013 ከክሊኒኮቹ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 60 በመቶ ደረሱ። የውድድርና ገበያ ባለሥልጣኑ በ2023 ምርመራ ጀምሮ በጥቅምት 2025 ባወጣው ጊዜያዊ ውሳኔ ቁጥጥሩ ድርጅቶቹን ራሳቸውን እንዲያካትት ሕጉ ይሻሻል ብሏል። ምርመራው የተጀመረው በዋጋ ምክንያት ነው፤ የደኅንነቱ ጥያቄ የተነሳው በዋጋው በኩል መሆኑ ብዙ ይናገራል።

የሞት ቁጥር ይታተም?

የመፍትሔ ሐሳቦቹ ሁለት ወገን አላቸው። አንደኛው ወገን እያንዳንዱ የድንገተኛ ሆስፒታል የሞትና የጉዳት ቁጥሩን በግልጽ ያትም ይላል። ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል። ሲፈተሽ ግን ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ በጣም የታመሙትን የሚቀበል ሆስፒታል ሟቾቹ ይበዛሉ፤ ቁጥሩ ብቻውን ከታተመ ሆስፒታሎች ከባድ ታካሚን «ቦታ የለንም» እያሉ መመለስ ያዋጣቸዋል። ለሰው ድንገተኛ ክፍል በ1986 የወጣው ታካሚን መመለስ የሚከለክል ሕግ ለእንስሳት የለም። ሁለተኛው ችግር የእንስሳት ሕክምና ብቻ ነው፦ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት ባለቤታቸው በመርፌ ያለ ሥቃይ እንዲያርፉ ስለሚወስን ነው፤ ከውሳኔው ጀርባም ብዙ ጊዜ ያለው ገንዘብ ነው። ሆዱ የተጠማዘዘ ውሻ በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል፤ ሂሳቡ በሺዎች ዶላር ሲነገር ግን ሁሉም ባለቤት አይችልም። ይህን ሞት ከስህተት ሞት ያልለየ ቁጥር የሚለካው የሰፈሩን ኪስ ነው።

ሌላው ወገን ተጨማሪ ግዴታ ዋጋ ያስወድዳል፣ የሌሊት ክሊኒኮችንም ያዘጋል ይላል። በተለይ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ሐኪም በማጣት ሌሊት መቀበል ያቆሙ ሆስፒታሎች አሉ። ይሁን እንጂ ከላይ የተዘረዘሩት መከላከያዎች፣ የሚለጠፍ ወረቀት፣ የተለየ የሲሪንጅ መሳቢያ፣ የሚጮኽ የግፊት መለኪያ፣ በሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ውድ የሚባሉ አይደሉም። ውዱ የሰው ኃይል ነው፤ ክርክሩም በእርሱ ላይ ቢያተኩር ይሻላል።

በመካከል ያለው መንገድ የአቪዬሽን ዓይነቱ ነው፦ ስም የማይጠቀስበት፣ ለጥቂት የተረፈ ስህተትን ጭምር የሚሰበስብ፣ ከቅጣት የተለየ የሪፖርት ሥርዓት። በብሪታንያ ለእንስሳት ሐኪሞች የሙያ መድን የሚሰጠው ቪዲኤስ፣ «ቬትሴፍ» የተባለ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለው። በእኛ ግምት ከሞት ቁጥር የተሻለ የሚለኩት ሌሎች ናቸው፦ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው የሞቱ በበሽታቸው ክብደት ተለይተው፣ ከወጡ በ72 ሰዓት ውስጥ ሳይታሰብ የተመለሱ፣ የመድኃኒት ስህተቶች፣ በየፈረቃው የነበረ የሠራተኛና የታካሚ ቁጥር። ይህን ማስገደድ የሚቻለው ግን በ2005ቱ ሕግ ላይ ያለው ዓይነት ከለላ አብሮ ከመጣ ነው። ያለ ከለላ የሚወጣ ግዴታ ባዶ ቅጽ ያስሞላል።

እውቅና ምን ያህል ያስተማምናል?

የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር (አሃ) ከ900 በላይ መመዘኛዎች አሉት። ገብቶ የሚፈተን ሆስፒታል በእርግጥ ይሻሻላል፤ ነገር ግን የሚገባው በፈቃዱ ነው፣ ከሆስፒታሎቹም አብዛኞቹ አልገቡም። የእንስሳት ድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ማኅበሩ (ቬክስ) ደግሞ ሦስት ደረጃ ያለው ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ለሌሊት ታካሚ ከአሃው ይልቅ የሚቀርበው ይህኛው ነው። ሁለቱም ዝግጅትን እንጂ ውጤትን አያረጋግጡም፣ ቅሬታ ተቀብለው የሚዳኙበት ሥልጣንም የላቸውም። «ድንገተኛ ሕክምና» የሚለው ታፔላ ደግሞ በራሱ በውስጡ የጽኑ ሕክምና ስፔሻሊስት አለ ማለት አይደለም።

ባለቤቱ በእጁ ያለው

ከመተኛቱ በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች አጭር ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሐኪም በግቢው ውስጥ አለ ወይስ በስልክ ነው የሚጠራው? ፈቃድ ያለው ቴክኒሺያን ስንት ታካሚ ይዟል? በማደንዘዣ ጊዜ ሥራው ክትትል ብቻ የሆነ ሰው ይመደባል? ከነቃ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት ሙቀቱና ትንፋሹ ይመዘገባል? የሚመልሰው ሰው እነዚህን ካልተናደደ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳቸዋል።

ነገር ከተበላሸ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ላይ ሬሳው ከተቃጠለ ምርመራ አይኖርም። ስለዚህ የማቃጠያውን ቅጽ ከመፈረም በፊት ከሆስፒታሉ ውጭ ባለ ላቦራቶሪ፣ ብዙ ጊዜ በስቴቱ የምርመራ ላቦራቶሪ ወይም በእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ የአስከሬን ምርመራ እንዲደረግ መጠየቅ ይቻላል። ሬሳው በፍሪጅ ይቀመጣል እንጂ በረዶ እስኪሆን አይቀዘቅዝም፤ በረዶ ሲሆን ሕብረ ሕዋሱ ይበላሻል። ምርመራው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። ቀጥሎ ሙሉው የሕክምና ካርድ ይጠየቃል፦ የማደንዘዣ ቅጹ፣ የፈሳሽና የመድኃኒት ሰሌዳው፣ የላቦራቶሪ ውጤቶቹ ከነሰዓታቸው። ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ ካርዱ ለሦስት ዓመት እንዲቆይ ያዛሉ። ባለቤቱ የሚጽፈው ቅሬታ ደግሞ ሕክምናው ለተሰጠበት ስቴት ቦርድ ነው፤ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ተቋሙ የሚመዘገብበት ስቴት ከሆነ የሁለቱም ስም ይገባል፤ ካልገባ ቦርዱ ሕንፃውን ላያይ ይችላል።

ቦርዱ መልስ ለመስጠት ወራት ሊወስድበት ይችላል። የሚመዝነው ሐኪሙ የሙያውን ዝቅተኛ መመዘኛ ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም የሚለውን እንጂ የተሻለ ሊሠራ ይችል ነበር ወይ የሚለውን አይደለም። ቅሬታ አቅራቢው የሚከፈለው ካሳ በቦርዱ አይወሰንም፤ ያ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።